ደረቅ ቼክ

እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥር ነው የማውቀው፤
ሃያ ዓመት በእጄ ጻፍኩት፣ የዊራንጋን ገቢ ከወጪው።

ወንዙ ስሙ መሪ ነው፤ ተከታዩ ብዙ፤
አራት ግዛት ይጠጣዋል፣ ባሕር ሳይደርስ ጓዙ።

ከዋናው ከተማ መጡ፣ ካርታ ይዘው በጥቅል፤
«የወንዙ አፍ ደርቋል» አሉ፣ «ለባሕሩም ይከፈል፤
የመስኖ ፈቃድ የሚሸጥ ካለ፣ መንግሥት ይገዛል በዋጋ፤
ማንንም አናስገድድም።» ሻይ ቀረበ፤ ስብሰባው ተዘጋ።

ሳንቶ ዛኔቲ ቢሮዬ ገባ፣ ባርኔጣው በጣቶቹ፤
ቦዩን የቆፈረው አባቱ ነው፤ ሜልበርን ቀርተዋል ልጆቹ።
ጉልበቱ አላጎነብስ፣ ባንኩም አልታገሥ ቢለው፣
«ይህን ቅጽ ሙይልኝ» አለ፤ ሞላሁት፣ እጄም አልዛለው።

ደረቅ ቼክ አልነበረም ያ፤ በሦስት ሳምንት ተመነዘረ፤
ሳንቶ ዕዳውን ዘጋ፣ ጥርሱን አሠራ፣ ቀልሎት አደረ።
አልወቅሰውም። የራሱን ነው፤ ሰው የራሱን ቢሸጥ ምን አለ?
ግን ውሃ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም፣ ቦይ ውስጥ ሳለ።

እኛ ጋ ሩዝ በአውሮፕላን ነው የሚዘራው፤ አብራሪው ዱጋል
ክንፏን በሸራ ሸፈነና፣ አሁን ማዕድን ቦታ መኪና ይነዳል።
ፓምፕ ጠጋኙ ሌይተን ረዳቱን አሰናበተ፣ ከዚያ ስልኩን ቆረጠ፤
የሩዝ ወፍጮው ከሦስት ፈረቃ ወደ ሁለት፣ ወደ አንድ፤
አንድ ሰኞ ፉጨቱ ተቋረጠ።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከአሥራ አንድ ልጅ በታች አይጭንም ይላል ደንቡ፤
ዘጠኝ ቀሩ። ሁለት ልጅ ከየት ይበደሩ፣ ቢያስቡ ቢያስቡ?
የኳስ ቡድናችን ከባላንጣው ተዋሃደ፤ ማሊያው ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሽ ቀይ፤
ሰው ሲያንስ ጠብም ያንሳል፤ ይኼስ ገቢ ነው ወይ?

በመዝገቤ አንድ ዓምድ ለገቢ፣ አንድ ዓምድ አለ ለወጪ፤
ሌይተን የት ይጻፍ? ባለ ውሃ አይደል፤ የሰው ውሃ ጠጪ።
ውሃው ቁልቁል ወረደ፣ ገንዘቡ ወደ ባንኩ ሽቅብ ወጣ፤
ከመካከል ላለነው ግን ከሁለቱም ጠብ የሚል አልመጣ።
መንግሥት ለሻጩ ከፍሎ፣ ሂሳቡን ዘግቶ ተነሣ፤
ካሳ ካሳ ስንል ቆየን፤ ለካ ከተማው ነው የከሳ።

አንድ ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ነበር፣ ትሑት ሰው፣
«ተፋሰሱን በሙሉ ደምሬ፣ ጠብታ ሆና አገኘሁ ጉዳቷን።»
እውነቱን ነው። ጠብታ ያረፈችበት አናት ግን ያውቃል ክብደቷን።

ባለፈው ጥር መኪናዬን አስነሥቼ ወንዙን ተከተልኩት ቁልቁል፤
የሸጥነው ውሃ የት ገባ? ሰው የዕቃውን መጨረሻ ማየት ያምረዋል።
እዚያ፣ አፉ ላይ፣ ሊዮታ የምትባል አሮጊት ቄጠማ ትጎነጉናለች ለቅርጫት፤
ቅድመ አያቶቿ እዚያው ነበሩ፣ ከቦይ በፊት፣ ከፈቃድ በፊት።

«አሥር ዓመት ጨው በልቶት ነበር» አለችኝ፣ «አሁን ለስልሷል፣ ይታጠፋል፤
አምና ሃያ ቅርጫት ሸጥኩ፤ ዘንድሮ አርባ ይሞላል።»
ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እጇ ቆመ፤
«እናንተ ናችሁ?» አለች። ምስጋና ነው ወቀሳ? ጥያቄው እዚያው ከረመ።

አንዱን ገዛሁ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፤ በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ፤
ያልተከፈለ የሌይተን ሂሳብ ይዞ፣ ይኸው ተቀምጧል ከጠረጴዛዬ።
የቱን ከየቱ ልቀንስ? የእሷ አርባ ቅርጫት፣ የእኛ ዘጠኝ ልጆች፤
አንድ ወንዝ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን የማይተያዩ ሁለት ገጾች።

ሳንቶ ገና ጎህ ሲቀድ ቦዩ ዳር ይሄዳል፣ በልማድ፤
የውሃ መልቀቂያውን መዘውር ሁለት ዙር ያዞራል፤ ቅባት ይቀባል፤
እንዳይዝግ ነው፣ ወይስ እንዳያብድ?